የክት መኪና፣ የዘወትር መኪና

ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ የምነዳት ቀይ ሱፐር ካር ነበረች። አትደንግጡ፤ የኔ አልነበረችም። የምነዳትም አርባ ሜትር ብቻ ነው። ጠዋት አርባ ሜትር ቁልቁል፣ ማታ አርባ ሜትር ሽቅብ። አንድ ቀን ሥራ ቀዝቅዞ ቁጭ ባልኩበት ሂሳቡን ብሠራው፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ወደ 115 ኪሎ ሜትር ነድቻታለሁ። ከአዲስ አበባ ተነስቼ ናዝሬት ገብቼ፣ ምሳዬን በልቼ፣ ወደ አዋሽ ትንሽ ፈቀቅ ብያለሁ ማለት ነው። ያውም በአንደኛ ማርሽ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋሽንግተን ዲሲን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መሐል ከተማ ካሉት የመኪና ማቆሚያዎች ወደ አንዱ ጎራ ብትሉ ቁልፍ የሚቀበላችሁ ሰው የሀገር ልጅ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። መምህር የነበረው፣ ባንክ ቤት ይሠራ የነበረው፣ መቶ አለቃው፣ አንድ ሰሞን እዚያ ምድር ቤት ውስጥ የሰው ቁልፍ ይዟል። እኔም እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2003 ኬ ስትሪት በሚባለው ጎዳና ላይ ካለ አንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር ስሠራ ኖርኩ። ሥራው ቀላል ነው። ባለመኪናው መግቢያው ላይ ይወርድና ቁልፉን ይሰጣችኋል። እናንተ መኪናውን ይዛችሁ ቁልቁል ትወርዱና ከሌሎቹ ጋር እንደ ክብሪት እንጨት አስጠግታችሁ ትደረድሩታላችሁ። ማታ ደግሞ ታወጡታላችሁ። በቃ።

ቀይዋን መኪና የሚያመጣት ስድሳ ዓመት ያለፈው አንድ የጥርስ ሐኪም ነበር። እኛ «ዶክተር» ነው የምንለው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቡናውን በአንድ እጁ ይዞ ከች ይላል። ከመኪናዋ ኋላ ያለውን የዕቃ መጫኛ ሲከፍተው አንድ ቀን የጎልፍ መጫወቻ፣ አንድ ቀን የውሻ ምግብ በከረጢት፣ አንድ ቀን ላውንደሪ ቤት የከረመ ሸሚዝ ያወጣል። መጀመሪያ ቀን ቁልፉን ሊሰጠኝ ሲል አብሮኝ የሚሠራው ታላቃችን እጄን ያዘኝ።

«ቀስ በል አንተ፤ ይቺ ሱፐር ካር ናት።»

«የማን ሥራ ናት?»

«የሆንዳ።»

ሳቄ መጣ። ሆንዳ ሲባል እኔ የማውቀው ሞተር ብስክሌትና ውሃ መሳቢያ ሞተር ነዋ! ኋላ ግን ነገሩን ስረዳው፣ የሳቅሁት በራሴ ላይ ኖሯል። ኤን ኤስ ኤክስ ትባላለች። አሜሪካ ውስጥ ትሸጥ የነበረው አኩራ በሚለው የሆንዳ የቅንጦት ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ቺካጎ በተደረገው የመኪና ትርዒት ላይ ለሕዝብ ታየች፤ በ1990 ገበያ ላይ ዋለች። ዋጋዋ ያኔ ወደ 60,000 ዶላር ነበር። ለእኔ የማይታሰብ ገንዘብ ነው፤ በዓይነቷ ካሉት መኪኖች አንጻር ግን ርካሽ ነበረች።

ስለዚህች መኪና ማውራት የፈለግሁት የመኪና ፍቅር ስላለብኝ አይደለም። መኪናም የለኝም። እሷ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ስትከነክነኝ የኖረች አንዲት ነገር ስለነካችብኝ ነው።

እኛ ቤት ነገር ሁሉ ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ የክትና የዘወትር። የክት ልብስ አለ፣ የዘወትር ልብስ አለ። የክት ሲኒ አለ፣ የዘወትር ሲኒ አለ። አልጋ ልብሱም፣ ብርጭቆውም፣ ጫማውም እንዲሁ። የክቱ ዕቃ ብፌ ውስጥ ተቀምጦ በመስተዋቱ ያየናል፤ እኛም እናየዋለን። እጀታዋ በተሰበረ ሲኒ ቡና እየጠጣን ደኅነኛውን ሲኒ እንጠብቀዋለን። የእናንተም ቤት ከዚህ የተለየ አይመስለኝም። ዲሲ ሆኜ ሁለት ሳምንት የሰበሰብኩትን ጉርሻ አጠራቅሜ፣ ደሴ ላለችው እናቴ ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ካፖርት ገዝቼ በመንገደኛ ላክሁላት። ደሴ ብርዷ ይታወቃል። ስልክ ደውዬ፣

«እማዬ፣ ካፖርቱ ደረሰሽ?» አልኳት።

«ደርሷል፣ ተባረክ! እንዴት ያለ ሙቀት መሰለህ!»

ደስ አለኝ። እናንተ ግን ይህቺን ካፖርት ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

እንግዲህ ሱፐር ካር የሚባለው ነገር በዓለም ላይ ካሉት የክት ዕቃዎች ሁሉ የበለጠ የክት ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ሞተሩ የት እንደሚቀመጥ ማወቅ ያስፈልጋል። ልጆች ሳለን ሰፈራችን ውስጥ አንዲት ቮልስዋገን ነበረች። የፊት ኮፈኗ ሲከፈት ሞተር የለም፤ መለዋወጫ ጎማና የሽንኩርት ዘንቢል ነው ያለው። ሞተሩ ከኋላ ነው። ለእኛ ተአምር ነበር። ብዙዎቹ መኪኖች ሞተራቸው ከፊት ነው፤ የቮልሷ ከኋላ ጎማዎች በስተኋላ ነው። ሦስተኛ መኖሪያም አለ፤ ከሹፌሩ ጀርባ፣ ከኋላ ጎማዎች በስተፊት፣ ልክ ወገቧ ላይ።

ለምን ወገብ ላይ? አህያ የጫነ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ጭነቱ ወደ አንገት ካጋደለም ወደ ጭራ ካጋደለም ጣጣ ነው። ወይም ሁለት ባልዲ ውሃ ያዙና እጃችሁን ግራና ቀኝ ዘርግታችሁ ዞር ለማለት ሞክሩ። ከዚያ ባልዲዎቹን ደረታችሁ ላይ እቅፍ አድርጋችሁ ዞር በሉ። ክብደቱ ያው ነው፤ አዟዟሩ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያል። የመኪና ከባዱ ዕቃ ሞተሩ ነው። እሱ መሐል ላይ ሲቀመጥ መኪናዋ ኩርባ ላይ ስታዟት እሺ ትላለች።

ይህንን ቀድመው የተጠቀሙበት ተወዳዳሪዎች ናቸው። ኤንዞ ፌራሪ፣ ፈረስ ጋሪን ይጎትታል እንጂ አይገፋም እያለ ሞተሩን ከፊት አላነሳም ብሎ ተከራክሯል ይባላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1959 ጃክ ብራባም ሞተሯ ከጀርባው በሆነች ትንሽ የኩፐር መኪና የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ ዓመት ወዲህ ሞተሩ ከፊት የሆነ መኪና የነዳ ሰው ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅም። ፌራሪም ፈረሱን ከጋሪው ኋላ አሰረ። በ1966 ደግሞ ላምቦርጊኒ ሚዩራ የምትባለውን አወጣና ነገሩ ከውድድር ሜዳ ወደ ጎዳና ወረደ።

ጎዳና ላይ ሲወርድ ግን ጣጣው ይዞት መጣ። ሞተሩ ከጆሯችሁ ሥር ነው፤ ይጮኻል፣ ይግላል። የኋላ መስኮቱን ይዞባችኋልና ከኋላችሁ ምን እንዳለ አታዩም። ዕቃ ማስቀመጫ የለም። ፍሪሲዮኑ እንደ ድንጋይ የከበደ ነው። ካውንታሽ የምትባለውን ሌላዋን ላምቦርጊኒ ወደ ኋላ ለመንዳት ሹፌሩ በሩን ወደ ላይ ከፍቶ፣ ደፉ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ግማሽ ገላውን ውጪ አድርጎ አንገቱን እያዞረ ነበር የሚነዳው። አስቡት እስኪ! ዋጋዋ ቤት የሚገዛ መኪና፣ ወደ ኋላ ስትሄድ ግን ሹፌሯ እንደ አውቶቡስ ረዳት በር ላይ ተንጠልጥሎ።

እኛም ዘንድ አንዲት እንዲህ ያለች ደንበኛ ነበረችን። ስሟን አልጠራም። ባለቤቷ በወር አንዴ፣ አንዳንዴም በሁለት ወር አንዴ ብቅ ያደርጋታል። የመጣች ቀን የሠርግ ቀን ነው። ቁልፏን ለእኛ አይሰጥም፤ ራሱ እያቆማት እኛ ግራና ቀኝ ሆነን «ና፣ ና፣ ቁም» እንላለን። ብቻዋን እንድትቆም የሁለት መኪና ቦታ ይከፍላል። ሽፋን ያለብሳታል። ማታ ሊወስዳት ሲመጣ ባትሪዋ ሞቶ ይጠብቀዋል። አራት ሆነን፣ አራት የሀበሻ ልጆች፣ እየገፋን ያወጣናት ቀን አለ። ሰውዬው ያንን ሁሉ ገንዘብ ከፍሎ የገዛው ጭንቀት ነበር። ስትቆም ይጨነቃል፣ ስትሄድ ይጨነቃል፣ ሰው ሲያያት ይጨነቃል፣ ሰው ሳያያት ደግሞ ለምን ገዛኋት ብሎ ይጨነቃል።

ዶክተሩ ግን ቁልፏን ይወረውርልኝና ይሄዳል።

እውነት ለመናገር መጀመሪያ የገባኝ ውበቷ አይደለም። ውስጧ ስገባ ውጪው ሁሉ መታየቱ ነው። በመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ቋንቋ ይህ ከፍቅር ይበልጣል! ሠሪዎቿ ኤፍ 16 የተባለውን የጦር አውሮፕላን የአብራሪ መቀመጫ አይተው ነው የመቀመጫዋን ክፍል ወደ ፊት ገፍተው፣ ዙሪያዋን በመስተዋት የሠሩት። ፊቷ ዝቅ ያለ ነው፤ ጎማው የት እንዳለ ትገምታላችሁ። ስፖኪዮዋ እውነተኛ ስፖኪዮ ነው። ፍሪሲዮኗ እንደ ማንኛዋም የቤት መኪና ለስላሳ ነው። አየር ማቀዝቀዣዋ ይሠራል። ቁልፉን ስታዞሩት ትነሳለች፤ ነገም ትነሳለች፤ በወሩም ትነሳለች።

ይህን ሁሉ ስትሰሙ «ታዲያ ምኗ ነው ሱፐር ካር?» እንዳትሉ። ወጥ በሆነ የአሉሚኒየም ቦዲ በፋብሪካ በብዛት የተመረተች የመጀመሪያዋ መኪና እሷ ናት። ሦስት ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሯ 270 የፈረስ ጉልበት አለው። ሞተሩ በደቂቃ 8,000 ዙር ድረስ እንዲሽከረከር ፒስተኖቹን የሚይዙት ዘንጎች ከታይታኒየም ተሠርተዋል። ትልቁ ዘዴ ያለው ግን ቫልቮቹ ላይ ነው። በዝግታ ስትሄዱ በአንድ መልክ፣ ስትፈጥኑ በሌላ መልክ ይከፈታሉ። ስለዚህ ገበያ ስትሄዱበት ገር በቅሎ የነበረው ሞተር፣ ሜዳ ሲያገኝ የጉግስ ፈረስ ይሆናል። አንድ ሞተር ነው፤ የክትም የዘወትርም።

ይህ ደግሞ እንዲሁ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ሺጌሩ ኡዌሃራ የሚባለው ዋና መሐንዲስና ባልደረቦቹ ዓይናቸውን የጣሉት በጊዜው በነበሩት የፌራሪ መኪኖች ላይ ነው። በፍጥነት እንዲስተካከሏቸው፣ በአመል ግን እንዲሻሏቸው ፈልገው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ብራዚላዊው አይርተን ሴና የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮንነቱን ባገኘ ማግስት፣ በሆንዳ ሞተር የሚወዳደር ሰው ነበርና፣ ሱዙካ በሚባለው የጃፓን የመወዳደሪያ ሜዳ ላይ ሙከራዋን መኪና ነዳት። ወርዶ ምን አለ? ትንሽ ስስ ናት፣ ጠንከር ማለት አለባት አላቸው። መሐንዲሶቹም «እኛን ማን ያስተምረናል» አላሉም። መኪናዋን ጀርመን ሀገር ኑርቡርግሪንግ ወደሚባለው አስቸጋሪ ጎዳና ወስደው ደጋግመው ፈተኗት፤ የቦዲዋን ጥንካሬ በግማሽ ያህል ጨመሩት። ሲጨርሱ አንዲት መኪና ሠርተው ነበር፤ ሴናም የሚነዳት፣ የጥርስ ሐኪምም ቡናውን ይዞ የሚነዳት።

ይህን የተረዱ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1998 በሰዓት 386 ኪሎ ሜትር የሮጠችውን ማክላረን ኤፍ 1 የነደፈው ጎርደን መሪ፣ ኤን ኤስ ኤክስ ገዝቶ ለዓመታት ነድቷታል። የራሱንም መኪና ሲነድፍ ሰው ሳይሰቃይ በየቀኑ የሚነዳት ሱፐር ካር መሥራት እንደሚቻል ከእሷ መማሩን ተናግሯል። ያልተረዱም ነበሩ። አንዳንድ የመኪና ጸሐፊዎች «ፈጣን ናት፣ ጎበዝ ናት፣ ግን ነፍስ የላትም» አሉ። ምን ማለታቸው ነው? ስታስቸግር አላዩአትማ! ባትሪዋ አይሞት፣ ሞተሯ አይግል፣ ወደ ኋላ ስትሄድ በር ላይ አታንጠለጥል። ያላስቸገረ ነገር እንዴት ይከበራል?

ይህ ነገር እኛም ሀገር ያለ በሽታ ነው። ቢሮው ገብታችሁ የምታገኙትን ኃላፊ «ሥራ የሌለው ሰው ነው» እንላለን። ሦስት ወር ያመላለሰንን ደግሞ «ትልቅ ሰው ነው፣ አይገኝም» እንላለን። ቶሎ የሚገባ የሚናገረውን መምህር ትተን ያልገባንን እናደንቃለን። የተማርኩበት ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ማይክሮስኮፕ ነበር። በመስተዋት ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ በቁልፍ ተዘግቶ። ከሰባተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በመስተዋቱ አየነው እንጂ በእሱ ምንም አላየንበትም። ለምን ብለን ስንጠይቅ «እንዳይበላሽ» ተባልን። አልተበላሸም። እኛ ግን አንዲት ሴል ሳናይ ተመረቅን።

ወደ ዶክተሩ ልመለስ። አንድ የጥር ጠዋት ዋሽንግተን በረዶ ጥሎባት፣ ግማሹ ሠራተኛ ቤቱ ቀርቶ፣ ማቆሚያችን ባዶ ሆኖ ቁጭ ብለናል። ቀይዋ መኪና የበረዶ ጎማ አድርጋ፣ እስከ መስኮቷ በጨውና በጭቃ ተለውሳ ስትገባ አየኋት። ሆዴን አመመኝ።

«ዶክተር፣ ዛሬስ ሌላ መኪና ብታመጣ ምናለ? ይቺ እኮ ለእንዲህ ያለ ቀን አትሆንም» አልኩት።

«ሌላ መኪና የለኝም» አለኝ። ከዚያ ቡናውን ፉት አለና፣ «ለመቼ ላስቀምጣት?» ብሎ ጠየቀኝ።

ልብ በሉ፤ ሰውዬው ሊያስተምረኝ ፈልጎ አይደለም። የምር ነው የጠየቀኝ። መልስ ፈልጌ አጣሁ። እውነት ለመቼ? ሊፍቱ መጣና ገባ። እኔ ቁልፉን እንደያዝኩ ቀረሁ።

እ.ኤ.አ. በ2003 ዶክተሩ ጡረታ ወጣ። የመጨረሻው ቀን ማታ መኪናዋን አውጥቼ መግቢያው ላይ ሳቆማት፣ እሱ ወደ ሹፌሩ በር ሳይሆን በሌላው በር ዞሮ ገባና ቀበቶውን አሰረ።

«ስድስት ዓመት አርባ ሜትር ብቻ ነው የነዳሃት። ንዳት» አለኝ።

አለቃዬን ዞር ብዬ አየሁት። በእጁ «ሂድ፣ ሂድ» አለኝ።

ከኬ ስትሪት ወርደን ሮክ ክሪክ ወደሚባለው መንገድ ገባን። ዲሲ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ወንዙን ተከትሎ፣ በዛፍ ተሸፍኖ፣ በድልድዮች ሥር እየተጠማዘዘ ወደ ሰሜን የሚወጣ መንገድ ነው። በሥራ ቀን ማታ ሰው ከቢሮ በሚወጣበት ሰዓት መንገዱ በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሆን ነበር። የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 35 ማይል ነው፤ 56 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ፖሊስ ስለምፈራ ከዚያ አላለፍኩም። ሱፐር ካር ይዞ 56 ኪሎ ሜትር! ትስቁ ይሆናል።

ነገር ግን ያን ቀን የገባኝ ነገር ይኸው ነው። መሪውን ትንሽ ሳዞረው መኪናዋ ሐሳቤን የሰማች ይመስል ወዲያው ትዞራለች። ክብደቷ ከጀርባዬ፣ ወገቤ አጠገብ እንዳለ ይሰማኛል። መንገዱ በመሪው በኩል እጄ ላይ ያወራኛል። ማርሹ እንደ ጠመንጃ መቀርቀሪያ ቅጭል ብሎ ይገባል። ከኋላችን ያለው ሞተር ሲያንጎራጉር ሳንጮህ እናወራለን። ደስታው ፍጥነቱ ላይ አልነበረም። ያ በወር አንዴ የሚመጣው ሰውዬ ደስ እንዲለው ባዶ አውራ ጎዳና፣ ጥሩ አየርና ጤነኛ ባትሪ ያስፈልገዋል። ዶክተሩ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋትና ማታ፣ ወደ ሥራ ሲሄድና ከሥራ ሲመለስ፣ ይህን ደስታ ሲያገኝ ኖሯል።

መካነ አራዊቱ አጠገብ ያለውን ዋሻ አልፈን አንድ ቦታ ቆምን። የኪሎ ሜትር መቁጠሪያዋን አየሁት፤ ከ140,000 ማይል በላይ ይላል። እሱ የሚገባበት በኩል ያለው የመቀመጫ ቆዳ ተሰነጣጥቋል። የማርሹ ራስ መዳፉ ከመነካካቱ ብዛት ልሟል። አርጅታለች። ያረጀችው ግን ስትሠራ ነው። ጨብጦኝ ወደ ሹፌሩ ወንበር ተዛወረ፤ እኔም በሜትሮ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ አይቼው አላውቅም።

ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2005 እሷን መሥራት አቆመ። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ በዓለም ላይ የተሸጡት ወደ 18,000 ብቻ ናቸው። ከ2016 እስከ 2022 በዚያው ስም ሌላ መኪና፣ በነዳጅና በኤሌክትሪክ የምትሄድ፣ ኦሃዮ ውስጥ ተሠርታለች፤ እሷም ቀረች። የሚገርመው የአሮጌዎቹ ዕጣ ነው። ዛሬ ብርቅ ሆነዋል። አዲስ ሳሉ ከተሸጡበት ዋጋ በላይ ያወጣሉ። ስለዚህ ባለቤቶቻቸው መንዳት ፈሩ። ብዙዎቹ ሽፋን ለብሰው ጋራዥ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ የተነዱበት ማይል ያነሰው ዋጋው ይበልጣል። ለዘወትር የተሠራችው መኪና እሷም በተራዋ የክት ሆነች።

አሁን ካፖርቷን ላምጣት።

በ1996 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ሀገሬ ገባሁ። ደሴ ስደርስ ዝናብና ጉም ነው። እናቴ እኔ ልጅ ሆኜ የማውቀውን፣ ክርኑ ያለቀ ሹራብ ለብሳ፣ በላዩ ነጠላ ደርባ፣ እየተንቀጠቀጠች አቀፈችኝ።

«ካፖርቱስ?» አልኳት ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ።

«አለ፤ ሳጥን ውስጥ አለ።»

«ለምን አትለብሺውም?»

«ልጄ የላከውን ሰኞ ገበያ ለሰኞ ገበያ ላልብሰው? ለክት ነው ያስቀመጥኩት።»

ማታ ቡና ላይ ስለ ዶክተሩና ስለ ቀይዋ መኪና ነገርኳት። በረዶውን፣ ጭቃውን፣ «ለመቼ ላስቀምጣት» ያለውን ሁሉ። በጥሞና አዳመጠችኝ። ስጨርስ ሲኒዋን አስቀመጠችና፣

«ሰውዬህ ደግ ነው» አለችኝ። «ግን እሱ ቢሰበርበት ሌላ የሚገዛ ሰው ነው። እኔ ይኼ ካለቀብኝ ካንተ በቀር ማን አለኝ? አንተንስ ስንቴ ላስቸግርህ?»

አያችሁ፤ የቆየ ክርክሬን በአንድ ዓረፍተ ነገር አፈረሰችው። የክት ነገር የስስት ልጅ አይደለም፤ የእጦት ልጅ ነው። ነገ እንደሚተካ ያላመነ ሰው ዛሬን ይቆልፋል። የዶክተሩ ድፍረትም ከልቡ ብቻ የመጣ አልነበረም። ብትነዱት የማይከዳችሁ ነገር አስቀድሞ የሠሩለት ሰዎች ነበሩ። ሆንዳ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ጃፓን ውስጥ ያረጁ ኤን ኤስ ኤክሶችን ተቀብሎ አድሶ ለባለቤቶቻቸው ይመልስ ነበር። ቢበላሽ የሚጠግንላችሁ እንዳለ ካወቃችሁ ለምን ትሰስታላችሁ? የእኛ ማይክሮስኮፕ ቢሰበር ግን ማን ይጠግነዋል? ቁልፍ ያዡ መምህር ክፉ ሰው አልነበረም።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ አደርኩ። ጠዋት እናቴ፣ ምናልባት ሆዴ እንዳይከፋ ብላ፣ «ና እስኪ፣ ለብሼው እየኝ» አለችና ሳጥኗን ከፈተች። በነጠላ ተጠቅልሏል። ነጠላውን ፈታች። ካፖርቱ እንደታጠፈ፣ እንደላክሁት፣ አዲስ ሆኖ አለ። አንስታ ስታራግፈው ግን የታጠፈበት መስመር ላይ ብርሃን ታየ። ብል በልቶታል። ጀርባው ላይ ሁለት፣ እጅጌው ላይ አንድ፣ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ።

ሁለታችንም ዝም አልን። እሷ ቀዳዳውን በጣቷ ደጋግማ ዳበሰችው። «አንድ ቀን እንኳ ሳልለብሰው» አለች፤ ለእኔ አይደለም፤ ለካፖርቱ ነው የነገረችው።

ከዚያ ለበሰችው። ቁልፉን እስከ አንገቷ ቆለፈች። ነጠላዋን ከላዩ ጣል አድርጋ ዘንቢሏን አነሳችና ገበያ ወጣች። እኔ በር ላይ ቆሜ ቁልቁል ስትወርድ አየኋት። ጀርባዋ ላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ከሩቅ ይታያሉ።

ሰባት ክረምት ለበሰችው። እህቴ ስትነግረኝ፣ ጎረቤቶች «ምነው እትዬ፣ ካፖርቱ ተቀደደ እኮ» ሲሏት፣ «ልጄ የላከልኝ ነው፤ አይታያችሁም?» ትላቸው ነበር አሉ።